የአስቀሎና ሊቃውንትና የሚግዳል ሸማኔዎች

ሚግዳል በእስራኤል ደቡባዊ የሜዲትራኒያን ጠረፍ በምትገኘው በአሽቀሎን ከተማ ውስጥ፣ ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ መሀል አገር ገባ ብሎ የተቀመጠ አሮጌ ሰፈር ሲሆን፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አስቀሎና ተብላ የተጠራችው የጥንቷ ወደብ ፍርስራሽ ደግሞ ከዚሁ ሰፈር በስተ ደቡብ ምዕራብ በባሕሩ ዳር ይገኛል። ሁለቱ ስፍራዎች ዛሬ በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ቢተዳደሩም ታሪካቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ወደቧ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ነገሥታት የተዋጉባት፣ ፈላስፎችና የሕግ ዐዋቂዎች የተወለዱባት፣ ስሟም በግብጽ፣ በአሦር፣ በግሪክ፣ በላቲንና በዐረብ ጽሑፎች የተመዘገበ ሲሆን፣ በዐረብኛ መጅደል ይባል የነበረው ሰፈር ግን ያደገው ወደቧ ከጠፋች በኋላ ነው፤ የታወቀውም በደራሲ ወይም በጦር አለቃ ሳይሆን በሸማኔ ነው። ስለዚህ የአካባቢውን ስመ ጥር ሰዎች ለመዘርዘር የሚነሣ ጸሐፊ ገና ከመጀመሪያው አንድ እንቅፋት ያገኘዋል፤ መጻሕፍት ስማቸውን ያቆዩላቸው የአስቀሎና ልጆች አብዛኞቹ ከተማዋን ትተው በአቴና፣ በእስክንድርያና በካይሮ የከበሩ ሲሆኑ፣ እዚያው ቀርተው የስፍራውን ኑሮ ያቆሙት ሰዎች ግን ሥራቸው እንጂ ስማቸው አልተጻፈም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከከተማዋ ገዥዎች መካከል ስሙ ቀድሞ ከሚገኘው አንዱ ይድያ ነው። ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት አስቀሎናን የግብጽ ፈርዖን ገባር ሆኖ ያስተዳደረ ሲሆን፣ በግብጽ አማርና በተባለው ስፍራ ከተገኙት የሸክላ ጽላት ደብዳቤዎች፣ ማለትም በጊዜው የቤተ መንግሥታት መግባቢያ በነበረው በአካድኛ ቋንቋ በእርጥብ ጭቃ ላይ ከተጻፉት መልእክቶች፣ ሰባቱ የእርሱ ናቸው። ይዘታቸው በአብዛኛው እጅ መንሻና ሰላምታ ነው፤ ለፈርዖን ወታደሮች እህል፣ ዘይት፣ መጠጥ፣ በሬና በግ ማዘጋጀቱን ደጋግሞ ይገልጻል፣ ከዚህ አልፎ ስለ ራሱም ሆነ ስለ ሕዝቡ የሚናገረው ጥቂት ነው። ከእርሱ በኋላ ፈርዖን ሜርኔፕታህ በ1208 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ባቆመው የድል ሐውልት ላይ አስቀሎና ከተያዙት ከተሞች አንዷ ሆና ተጠቅሳለች፤ የእስራኤል ስም ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ በእርግጠኝነት የሚታወቅበት ቀዳሚ ጽሑፍም ይኸው ሐውልት ነው። በቀጣዩ መቶ ዓመት ፍልስጥኤማውያን ከተማዋን ከአምስቱ ዋና ከተሞቻቸው አንዷ አደረጓት። በ701 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም በእርሱ ላይ ያመፀውን የአስቀሎና ንጉሥ ጺድቃን ከነቤተሰቡ ማርኮ ወደ አገሩ ወሰደና በምትኩ ሌላ አነገሠ፤ መቶ ዓመት ሳይሞላም፣ በ604፣ የባቢሎኑ ናቡከደነፆር ከተማዋን አቃጥሎ ሕዝቧን አፈለሰ። ጺድቃ በምርኮ አገር ስለ ደረሰበት ነገር የአሦር ጸሐፊዎች አንዳች አላስቀሩም፤ ለድል አድራጊ ዜና መዋዕል የተሸነፈ ንጉሥ ከተያዘበት ቀን በኋላ ዋጋ አልነበረውም።

በአስቀሎና ተወልዶ ስሙ ከአገሩ ድንበር ርቆ የተሰማው ታላቅ ሰው በሁለተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ መጨረሻ የተወለደው ፈላስፋው አንጥዮኮስ ነው። ከተማዋ በዚያን ጊዜ ከታላቁ እስክንድር ዘመቻ ወዲህ የግሪክ ቋንቋና ትምህርት የሰፈነባት ነበረች። የመልክዓ ምድር ጸሐፊው ስትራቦን፣ ከተማዋ ትንሽ መሆኗንና አገሩ መልካም ሽንኩርት እንደሚያበቅል ከገለጸ በኋላ፣ ከእርሱ ዘመን ጥቂት ቀደም ብሎ የነበረው አንጥዮኮስ ከዚያ እንደ ተወለደ ይመሰክራል። በስድስተኛው መቶ ዓመት የከተሞችን መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው እስጢፋኖስ ዘቢዛንጥዮን ደግሞ ከእርሱ ሌላ ሶሶስ የተባለ ፈላስፋ፣ በጥሊሞስና ዶሮቴዎስ የተባሉ የሰዋስው ሊቃውንት፣ ሌሎችም የታሪክ ጸሐፊዎች ከአስቀሎና መነሣታቸውን ዘርዝሯል። ከእነዚህ የአብዛኞቹ ሥራ ጠፍቷል፤ የአንጥዮኮስም መጻሕፍት አልተረፉም፣ ነገር ግን ትምህርቱ በደቀ መዛሙርቱ ጽሑፍ ውስጥ ሰፊ ቦታ አግኝቷል።

አንጥዮኮስ ወደ አቴና ሄዶ በአካዳሚ፣ ማለትም ፕላቶን በአራተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በመሠረተው የፍልስፍና ትምህርት ቤት ገባና ከአለቃው ከፊሎን ዘላሪሳ ዘንድ ለረጅም ዓመታት ተማረ። ትምህርት ቤቱ በዚያ ዘመን የጠርጣሪዎችን መንገድ ይከተል ነበር፤ ጠርጣሪዎች የሚባሉት ሰው ስለ ማናቸውም ነገር ፍጹም እርግጠኛ ዕውቀት ሊያገኝ አይችልም፣ ስለዚህም ፍርዱን መግታት ይገባዋል የሚሉ ናቸው። የጰንጦሱ ንጉሥ ሚትሪዳጥስ ከሮም ጋር በተዋጋበት ጊዜ፣ በ88 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ ፊሎን ወደ ሮም ሲሸሽ አንጥዮኮስ ከሮማዊው የጦር አዛዥ ከሉኩሉስ ጋር ተወዳጀ፤ በእስክንድርያ ሳለም መምህሩ በሮም የጻፋቸው አዳዲስ መጻሕፍት እጁ ገቡ። በመጻሕፍቱ የተገለጸው ሐሳብ እጅግ ስላስቆጣው የመልስ መጽሐፍ ጽፎ በአገሩ ልጅ ስም ሶሶስ ብሎ ሰየመው። የጠቡ ነጥብ ቀላል አይደለም፤ አንጥዮኮስ፣ ሰው በስሜት ሕዋሳቱ ከሚቀበላቸው ነገሮች አንዳንዶቹ በእርግጥ እውነት መሆናቸውን ማወቅ ካልተቻለ ሥራም ሆነ ምግባር መሠረት ያጣል፣ እርግጠኛ ነገር የለም የሚለው ሰውም ቢያንስ ይህን ንግግሩን በእርግጠኝነት እየተናገረ ነው ይል ነበር።

ወደ አቴና ተመልሶ ጥንታዊ አካዳሚ ያለውን የራሱን ጉባኤ ካቆመ በኋላ ያስተማረው ዋና ሐሳብ፣ ፕላቶን፣ አርስጣጣሊስና እስጦይኮች (በጎነት ብቻ ለሰው ልጅ ይበቃል የሚሉት ፈላስፎች) በመሠረቱ አንድ ነገር እንደ ተናገሩና የተለያዩት በቃል አጠቃቀም ብቻ እንደ ሆነ ነው። ይህ የማስታረቅ ሥራ በዘመኑም በኋላም ትችት አላጣውም፣ ትችቱም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የሚታረቁት ወገኖች ራሳቸው ቢጠየቁ እርቁን መቀበላቸው ያጠራጥራል። ሆኖም ስለ ደስተኛ ሕይወት የሰጠው መልስ ዛሬም ቢሆን ከክርክሩ ወገኖች ሁሉ ለሰው ኑሮ የቀረበው ይመስላል፤ በጎነት ብቻውን ሰውን ደስተኛ ሊያደርገው ይችላል፣ እጅግ ደስተኛ ለመሆን ግን ጤና፣ ወዳጅ፣ ንብረትና አገርም ያስፈልጋሉ ብሎ አስተማረ። በ79 ሮማዊው ጠበቃና ፖለቲከኛ ሲሴሮ በአቴና ስድስት ወር ያህል ትምህርቱን ተከታተለ፤ ቫሮ የተባለው የሮም ሊቅም ደቀ መዝሙሩ ነበር፣ በኋላ ቄሣርን ከገደሉት አንዱ የሆነው ብሩቱስም ከአንጥዮኮስ ወንድም ከአሪስቶስ ተማረ። የላቲን አንባቢ የግሪክን ፍልስፍና ያወቀው በሲሴሮ መጻሕፍት በኩል በመሆኑ፣ ከዚህች ሽንኩርት አብቃይ ከተማ የወጣ ሰው በምዕራቡ ዓለም የአስተሳሰብ ታሪክ ውስጥ ብዙዎች የማያስተውሉት ትልቅ ድርሻ አለው። አንጥዮኮስ በ69 ሉኩሉስ በአርመን ንጉሥ በትግራን ላይ በትግራኖኬርታ ያገኘውን ድል በቅርብ የተከታተለ ሲሆን፣ በዚያው ዘመቻ በ68 ገደማ በሶርያና በመስጴጦምያ በኩል ሳለ ሞተ። ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ መቀመጡን የሚገልጽ ምንጭ የለም።

ሁለተኛው ስመ ጥር ሰው፣ የቤተልሔምን ሕፃናት በማስገደሉ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርትና ሥዕል ሁሉ የሚታወቀው ሄሮድስ፣ የአስቀሎና ሰው መሆኑ አከራካሪ ነው። አውሳብዮስ ዘቂሳርያ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ ውስጥ ከዩልዮስ አፍሪካኖስ ተቀብሎ እንዳሰፈረው፣ የሄሮድስ አያት በአስቀሎና የአጵሎን ቤተ ጣዖት አገልጋይ ነበር፤ የኤዶም ሽፍቶች ቤተ ጣዖቱን ሲዘርፉ ልጁን አንቲጳጥሮስን ማርከው ወሰዱት፣ አባትየው ቤዛ መክፈል ስላልቻለም ልጁ በኤዶማውያን መካከል አደገ። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ ግን የሄሮድስን ቤተሰብ ከኤዶም ታላላቅ ወገኖች ይቆጥረዋል፤ የአስቀሎናው ታሪክ ንጉሡን ለማዋረድ በጠላቶቹ የተፈጠረ ሳይሆን አይቀርም። የማያከራክረው ሄሮድስ ለከተማዋ የነበረው አድልዎ ነው፤ አስቀሎና ከግዛቱ ውጭ የሆነች ነጻ ከተማ ሆና ሳለ መታጠቢያ ቤቶች፣ የውኃ ፏፏቴዎችና በአምዶች የተከበቡ አደባባዮች አሠራላት፣ በዚያ የነበረውንም ቤተ መንግሥት ከሞተ በኋላ አውግስጦስ ቄሣር ለሄሮድስ እኅት ለሰሎሜ ሰጣት።

ከንጉሡ ይልቅ በአይሁድ ሊቃውንት ዘንድ የተከበረው የአስቀሎና ሰው የነቲና ልጅ ዳማ የተባለ አረማዊ ነጋዴ ነው። ታልሙድ፣ ማለትም የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትምህርት ክርክር ታላቁ ስብስብ፣ ልጅ አባቱን እስከ ምን ድረስ ማክበር ይገባዋል ለሚለው ጥያቄ መልስ አድርጎ የሚያቀርበው ይህን እስራኤላዊ ያልሆነ ሰው ነው። እንደ ትውፊቱ ከኢየሩሳሌም የመጡ ሊቃውንት ለሊቀ ካህናቱ ልብስ የሚሆን የከበረ ድንጋይ በብዙ ትርፍ ሊገዙት ሲጠይቁት፣ ቁልፉ የተኛው አባቱ ትራስ ሥር ስለ ነበር አባቱን ከእንቅልፉ ከሚቀሰቅስ ትርፉ ይቅርብኝ አለ፤ በማግሥቱ ዓመት ግን በከብቶቹ መካከል ለኦሪት የመንጻት ሥርዓት የምትፈለገው ነቁጥ የሌለባት ቀይ ጊደር ተወለደችለት። የኢየሩሳሌሙ ታልሙድ ዳማ የከተማው ምክር ቤት አለቃ እንደ ነበረ ይጨምራል። ታሪኩ ለትምህርት የተነገረ በመሆኑ እንደ ዜና መዋዕል ሊወሰድ አይገባውም፤ ሆኖም ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች መካከል በአስቀሎና ኖሮ በአስቀሎና የተመሰገነው እርሱ አንዱ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የቢዛንጥዮን መንግሥት በጸናበት በስድስተኛው መቶ ዓመት ከተማዋ ሁለት ሰዎች አበረከተች፤ የእነርሱም ሥራ ከፈላስፋው በተለየ እስከ ዛሬ በእጅ አለ። አንደኛው በ480 ገደማ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ኤውጦቅዮስ ነው። ኤውጦቅዮስ አዲስ የሒሳብ ግኝት ያወጣ ሰው አይደለም፤ ሥራው ትርጓሜ ነበር፣ በኢትዮጵያ የቅኔና የመጻሕፍት ጉባኤ ቤት እንደሚታወቀው የቀደመውን ሊቅ ቃል ይዞ የተሰወረውን ምሥጢር መግለጥና የተዘለለውን ማሟላት። የአርኪሜዴስን ስለ ሉልና ስለ ሲሊንደር የተጻፈ መጽሐፍ፣ የክበብ ልኬትንና የሚዛን ጥናትን ተረጎመ፤ ሾጣጣውን ኮን በጠፍጣፋ ወለል ሲቆርጡት ስለሚገኙት ቅርጾች አጵሎንዮስ ዘጴርጌ ከጻፈው መጽሐፍም የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች አሰናድቶ ማብራሪያ ጻፈላቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው፣ ጎኖቹ እኩል የሆነ አንድ ኪዩብ ይዘቱ እጥፍ እንዲሆን ጎኑ ምን ያህል ማደግ አለበት ለሚለው ጥንታዊ ጥያቄ የቀደሙት ሊቃውንት የሰጧቸውን የተለያዩ መልሶች ሰብስቦ ማስቀመጡ ነው፤ የአርኪጣስ፣ የሜናይክሞስና የኤራቶስቴንስ መፍትሔዎች ለዛሬ አንባቢ የደረሱት በእርሱ በኩል ነው። የአጵሎንዮስን ማብራሪያ የላከው ለአንቴሚዮስ ዘትራሌስ ሲሆን፣ ይህ ሰው ከኢሲዶሮስ ዘሚሊጥስ ጋር ሆኖ ከ532 እስከ 537 የቁስጥንጥንያን ሐጊያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያን ያነጸው ነው፤ ኢሲዶሮስም የአርኪሜዴስን ትርጓሜዎች እንዳረመ በቅጂዎቹ ላይ ተጽፏል። ታላቁ ጉልላት ከመቆሙ በፊት መሐንዲሶቹ ከአስቀሎናው ሊቅ ጋር በመጻሕፍት ይገናኙ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ዩልያኖስ የተባለው አናጢ፣ ማለትም የሕንፃ ባለሙያ ነው፤ ይህ ሰው በፍልስጤም ምድር ስለሚሠራበት የግንባታ ሕግና ልማድ አንድ ድርሳን አዘጋጀ። ድርሳኑ ጉዳዮቹን የሚያዘጋጀው እንደ ጥንቱ ትምህርት በአራቱ ባሕርያት፣ በእሳት፣ በነፋስ፣ በውኃና በመሬት ነው፤ ለምሳሌ በእሳት ሥር የመታጠቢያ ቤት ምድጃ፣ የሸክላ ሠሪና የመስታወት ሠሪ እቶን ከጎረቤት ቤት ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ይደነግጋል፣ በሌሎቹ ሥር ደግሞ ስለ መስኮትና ስለ ዕይታ፣ ስለ ቧንቧና ስለ ፍሳሽ፣ ከአጥር አጠገብ ስለሚተከሉ ዛፎች ይናገራል። ሽታቸው ጎረቤትን የሚያስቸግር ሙያዎች፣ እንደ ዓሣ ቅመምና እንደ አይብ ሥራ ያሉት፣ ከመኖሪያ እንዲርቁ ያዛል። ከሁሉ የሚያስደንቀው የድንጋጌዎቹ ዕድሜ ነው፤ በ1345 የተሰሎንቄው ዳኛ ቆስጠንጢኖስ አርሜኖፑሎስ ስድስት መጽሐፍ በተባለው የሕግ ማጠቃለያው ውስጥ አስገባቸው፣ ይህም መጽሐፍ ነጻ በወጣችው ግሪክ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የፍትሐ ብሔር ሕግ ምንጭ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል። ስለ ዩልያኖስ ሕይወት የሚታወቀው ስሙ፣ ሙያውና አገሩ ብቻ ነው።

ከሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በዐረቦች አስተዳደር ሥር የገባችው አስቀሎና ከፍተኛውን የጦር ትርጉም ያገኘችው በካይሮ በነገሡት በፋጢማውያን ዘመን ነው። ነሐሴ 1099 የመስቀል ጦረኞች ኢየሩሳሌምን በያዙ በሳምንታት ውስጥ የግብጹን ሠራዊት በከተማዋ አጠገብ ቢያሸንፉም ከተማዋን ሊይዟት አልቻሉም፤ ለ54 ዓመታት የግብጽ የመጨረሻዋ ጠረፍ ሆና ቀረች። በካይሮ በአንድ ምኵራብ ዕቃ ቤት ከተገኙት የቆዩ ወረቀቶች መካከል በ1100 የአስቀሎና የቀራውያን (ታልሙድን የማይቀበሉ አይሁድ) ሽማግሌዎች ወደ ግብጽ የጻፉት ደብዳቤ ይገኛል፤ በኢየሩሳሌም የተማረኩትን ሰዎችና የተዘረፉትን ቅዱሳት መጻሕፍት ለመዋጀት ስላወጡት ገንዘብና ስለ ገቡበት ዕዳ ይዘረዝራል። ከአስቀሎና ነዋሪዎች እጅ ከወጡት ጽሑፎች ይህ ከሁሉ የሚበልጥ የሰው ድምፅ ያለበት ነው፣ የተጻፈውም በፈላስፋ ሳይሆን ገንዘብ ቆጥረው በሚሰበስቡ የሰፈር ሽማግሌዎች ነው።

በ1153 የመስቀል ጦረኞቹ ንጉሥ ባልድዊን ሦስተኛ ለሰባት ወር ያህል ከብቦ ከተማዋን ያዘ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1135፣ የከተማዋ ቃዲ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ ዳኛ፣ ወንድ ልጅ ተወልዶለት ነበር፤ ልጁ በወጣትነቱ ወደ ግብጽ ተልኮ የቤተ መንግሥት ጽሕፈት ተማረና አል ቃዲ አል ፋዲል በሚል የማዕረግ ስም የሱልጣን ሰላሃዲን ዋና ጸሐፊና አማካሪ ሆነ። ሱልጣኑ አገሮችን ያገኘው በሠራዊቱ ሰይፍ ሳይሆን በአል ፋዲል ብዕር እንደ ሆነ ተናገረ ይባላል፤ አባባሉ ጸሐፊዎች ስለ ጸሐፊ የሚያወሩት ወሬ ሊሆን ቢችልም፣ አል ፋዲል በካይሮ የከፈተው ትምህርት ቤትና የመጻሕፍት ቤቱ ታላቅነት ግን በእርግጥ የታወቀ ነው። በ1191 ሰላሃዲን ከእንግሊዙ ንጉሥ ከሪቻርድ ጋር ሲዋጋ፣ ከተማዋ በጠላት እጅ ከምትወድቅ ብትፈርስ ይሻላል ብሎ ግንቧን አስነደለ፤ ጸሐፊው ኢብን ሸዳድ እንደሚተርከው ሱልጣኑ ከአንድ ድንጋይዋ መፍረስ የልጆቹን ሞት እመርጥ ነበር እስኪል ድረስ አዝኗል፣ ነዋሪዎቹም ዕቃቸውን በወረደ ዋጋ እየሸጡ ተበተኑ። ከተበተኑት ቤተሰቦች ከአንዱ ዘር በ1372 በካይሮ ኢብን ሐጀር አል አስቀላኒ ተወለደ፤ በአስቀሎና ሳይኖር በስሟ እየተጠራ ኖሮ በ1449 የሞተው ይህ ሊቅ፣ የግብጽ ዋና ቃዲ ከመሆኑም በላይ የነቢዩ መሐመድን ንግግሮች ስብስብ የተነተነበት ፈትሕ አል ባሪ የተባለው ሰፊ መጽሐፉ እስከ ዛሬ የሱኒ እስልምና ሊቃውንት የሚመኩበት ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገር የሚጠናው ቡሉግ አል መራም የተባለው አጭር ስብስብም የእርሱ ነው። አስቀሎናን እንደ ቅጽል ስም ተሸክመው ካከበሯት ሰዎች መካከል ከሁሉ በላይ ስሟን ያሰማው ያልኖረባት ሰው መሆኑ የዚህችን ከተማ ዕጣ በደንብ ያሳያል።

ወደቧ በሪቻርድ ተጠግና እንደገና ፈርሳ፣ ቀጥሎም ዳግመኛ ተመሽጋ፣ በመጨረሻ በ1270 የማምሉኩ ሱልጣን በይበርስ ያለ ርኅራኄ አፈራረሳት። ማምሉኮች በባርነት ተገዝተው ወይም ተማርከው ለጦርነት ሠልጥነው ግብጽን የገዙ ወታደሮች ናቸው። ከዚህ በኋላ የአካባቢው ኑሮ ወደ መጅደል ዞረ፤ በ1300ም የግብጽ መንግሥት እንደራሴ የነበረው ሰይፈዲን ሳላር በመንደሩ መሀል መስጊድ አሠራ። ሳላር በ1277 በኤልቢስታን ጦርነት ላይ የተማረከ ሞንጎላዊ ሲሆን፣ ከምርኮ ተነሥቶ የመንግሥቱ ሁለተኛ ሰው እስከ መሆን ደረሰ፤ ሀብቱና ሥልጣኑ ሱልጣኑን ስላስፈራው በ1310 በእስር ቤት በረሃብ እንዲሞት ተደረገ። በካይሮ ከጓደኛው ከሰንጀር ጋር ያሠራው መቃብር ይታያል፣ በሚግዳልም መስጊዱ ቆሞ ሰፈሩን በስሙ ያስታውሰዋል። 

በኦቶማን ዘመን መጅደል በዘይትና በሽመና የምትታወቅ ትልቅ የገበያ መንደር ሆነች፤ በ1596 የግብር መዝገብ ላይ ከ500 በላይ አባወራ ተመዝግቦባት ነበር። ሽመናው በወንዶች እጅ በየቤቱና በየአውደ ሥራው የሚሠራ ሲሆን፣ ድሩና ማጉ በአብዛኛው ከውጭ ከሚገባ የጥጥ ፈትል ይዘጋጅ ነበር፤ ጨርቁ በኢንዲጎ፣ ማለትም ከቅጠል በሚወጣ ሰማያዊ ቀለም፣ ተነክሮ በጠርዙ ቀይና አረንጓዴ ጥለት ይወርድበታል። ጀናና ናር የሚባለው ዓይነት ስሙ ገነትና እሳት ማለት ሲሆን አረንጓዴውና ቀዩ ጥለት ለዚህ ስም ምክንያት ሆኗል፤ ሌላው አቡ ሚተይን፣ ማለትም ባለ ሁለት መቶ፣ ይባል ነበር። ገዢዎቹ ከጋዛ እስከ ሄብሮን ተራራ ያሉ የገጠር ሴቶች ሲሆኑ፣ በመጅደል ጨርቅ ላይ ጥልፍ ጠልፈው የየመንደራቸውን መለያ ቀሚስ ይሰፉ ነበር፤ በመሆኑም በደቡብ ፍልስጤም አንዲት ሴት ከየት እንደ መጣች የሚያሳየው ቀሚስ ከሥሩ የሚግዳል ሸማኔ ሥራ ነበር። የእንግሊዝ አስተዳደር በ1920 በመጅደል 550 ያህል የሽመና ዕቃዎች እንዳሉ ገመተ፤ ነዋሪዋም በ1922 ከነበረበት 5,064 በ1945 ወደ 9,910 ደረሰ። የእነዚህ ሸማኔዎች ስም ግን በሊቃውንት መጽሐፍ ውስጥ የለም። በ1815 ሌዲ ሄስተር ስታንሆፕ የተባለችው እንግሊዛዊት ወርቅ ፍለጋ በጥንቷ ከተማ ቆፍራ፣ ራስ የሌለው የእብነ በረድ ሐውልት ስታገኝ ዘራፊ እንዳትባል እንዲሰባበር ማዘዟ ሳይቀር በሰፊው ተጽፏል፤ ያን ጊዜ ቁፋሮውን የሠሩት የአካባቢው ሰዎች ማን ማን እንደ ነበሩ የጠየቀ የለም።

በኅዳር 1948 የእስራኤል ሠራዊት መጅደልን ሲይዝ አብዛኛው ሕዝብ ወደ ጋዛ ሸሽቶ ነበር፤ የቀሩትና የተመለሱት ሰዎች ሁለት ዓመት ያህል በወታደራዊ አስተዳደር ሥር በተከለለ ሰፈር ኖረው በጥቅምት 1950 ወደ ጋዛ እንዲወጡ ተደረገ። ሸማኔዎቹ ሙያቸውን በጋዛ ቀጠሉበት፤ የብሪታንያ ሙዚየም ባልደረባ የነበረችው ሼላ ዌር በ1989 ባሳተመችው የፍልስጤም አልባሳት ጥናት ስለ መጅደል ጨርቅ የተጻፈው ዕውቀትም የተሰበሰበው ከስደተኞቹ ሸማኔዎች ነው። ባዶ የቀረው ሰፈር ሚግዳል ጋድ፣ በኋላም ሚግዳል አሽቀሎን ተብሎ ከአውሮፓ፣ ከየመንና ከሰሜን አፍሪካ በመጡ አይሁድ ተሞላ፤ በ1953 የደቡብ አፍሪካ አይሁድ ካቋቋሙት ከአፍሪዳር ጋር ተጠቃሎ አሽቀሎን ሆነ፣ በ1955ም የከተማ ደረጃ አገኘ። የሳላር መስጊድ የከተማው ሙዚየም ሆነ። በይበልጥም ከ1984 እስከ 1985 ባለው የሙሴ ዘመቻና ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት በተጓዙበት የሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ብዙዎች በዚህች ከተማ ሰፈሩ። የቤተ እስራኤል ወንዶች በጎንደርና በአካባቢው በብረት ሥራና በሽመና፣ ሴቶቻቸውም በሸክላ ሥራ ይታወቁ የነበረ ሲሆን፣ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር ግንቦች ሥራ ከተሰማሩት ግንበኞችና አናጢዎች መካከልም እንደ ነበሩ ይታወቃል፤ ዜና መዋዕሉ ያሠሩትን ነገሥታት ዘርዝሮ የሠሩትን ግን በስም አልጻፋቸውም።